ጀፎረና የከተማ መንገድ
(መንገድን መሥራትና መንገድን መጠበቅ)

በአገራችን ስለ መንገድ በተነገረ ቍጥር ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ «ስንት ኪሎ ሜትር ተሠራ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መንገድ የሌለው አገር ሐኪምም፣ መምህርም፣ ነጋዴም በቀላሉ ሊደርስለት አይችልምና። ነገር ግን ከዚህ ጋር አብሮ ሊነሣ የሚገባው፣ ሆኖም እምብዛም የማይነሣ ሌላ ጥያቄ አለ። ይኸውም «የተሠራውን ማን ይጠብቀዋል?» የሚለው ነው። የመንገድ ምረቃ የአንድ ቀን በዓል ሲሆን የመንገድ ጥበቃ ግን የየዕለት ሥራ ነው። በዓሉን ጭብጨባና ንግግር ያጅበዋል። የየዕለቱ ሥራ ግን የሚታወሰው ሳይሠራ ሲቀርና መኪና ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው።

ይህን ጥያቄ ለመመርመር ከአገር ወጥቶ መሄድ አያስፈልግም። የጉመር ወረዳ ርእሰ ከተማ ወደሆነችው ወደ አረቅጥ፣ በጠቅላላውም ወደ ጉራጌ አገር መመልከት ይበቃል። አረቅጥ ብርዱ የሚያይልባት፣ ዙሪያዋን እንሰትና ገብስ የከበባት የደጋ ከተማ ናት። በዚህ አገር ያለው ሕዝብ ዘመናዊ ማዘጋጃ ቤት፣ መሐንዲስና የከተማ ፕላን ከመምጣታቸው አስቀድሞ ሰፊ የሕዝብ መንገድ ለክቶ፣ ወሰኑን አስከብሮ፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲያስተላልፍ ኖሯል። የዚህም መንገድ ስሙ ጀፎረ ይባላል።

ጀፎረ ምንድን ነው?

ጀፎረን ያላየ ሰው መንገድ ሲባል የሚታየው ቀጭን አቧራማ መተላለፊያ ይሆናል። ጀፎረ ግን እንደዚያ አይደለም። በመንደሩ መካከል የተዘረጋ፣ ሣር የለበሰ፣ ስፋቱ እንደ ቦታው የሚለያይ፣ ቢሆንም ከተራ መንገድ እጅግ የሚሰፋ አደባባይ መሰል ጐዳና ነው። ቤቶቹ በግራና በቀኝ ተሰልፈው ደጃፋቸውን ወደ እርሱ ያዞራሉ። ከቤቱ ፊት ለፊት የግቢው ሣር፣ ከቤቱ ጀርባ የእንሰቱ ተክል፣ ከእንሰቱም ኋላ ሌላው እርሻና የባሕር ዛፉ ደን ይቀጥላል። እንግዲህ የእያንዳንዱ አባወራ ይዞታ የሚጀምረው ጀፎረው ካበቃበት ነው ማለት ነው። መንገዱ ከቤቶቹ የተረፈ ቦታ ሳይሆን ቤቶቹ ራሳቸው በመንገዱ መስመር ተለክተው የቆሙ ናቸው። የዛሬ የከተማ ፕላን ባለሙያዎች በብዙ ድካም የሚያስተምሩት «አስቀድሞ የሕዝቡን ቦታ ለይ፤ ከዚያ በኋላ የግሉን ስጥ» የሚለው ደንብ በጀፎረ ላይ ሲሠራበት የኖረ ነው።

አገልግሎቱም ብዙ ነው። ሰው ይሄድበታል፤ ከብት ይነዳበታል፤ ጥጃ ይግጥበታል፤ ልጆች ይጫወቱበታል፤ ፈረስ ይጋለብበታል። ሠርገኛ ይጨፍርበታል፤ ለቀስተኛ ይሰበሰብበታል፤ ሽማግሌ ለዳኝነት ይቀመጥበታል። መስከረም በባተ ጊዜ፣ የጉራጌ ልጅ ከያለበት ተጠራርቶ አገሩ ሲገባ፣ የመስቀል ደመራ የሚቆምበት ይኸው ጀፎረ ነው። ስለዚህ ጀፎረ መተላለፊያ ብቻ ሳይሆን የመንደሩ የጋራ ሳሎን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሚጠበቅበትም ዘዴ ልብ ሊባል ይገባዋል። ሣሩ አይታረስም፤ ከብቱ ስለሚግጠው አጥሮ ይኖራል። የሣሩ ሥር አፈሩን አጥብቆ ይይዛል፤ ዝናቡም በሰፊው ሜዳ ላይ ተከፋፍሎ ስለሚሰርግ በአንድ ቦታ ተጠራቅሞ ቦረቦር አይቈርጥም። መንገዱ ሰፊ በመሆኑ የሰውና የከብት እግር በአንድ መስመር ብቻ አይመላለስም። የተረገጠው ሣር እስኪያገግም ሰው በሌላው በኩል ያልፋል። በሌላ አነጋገር ስፋቱ ራሱ የጥገናው አንዱ ክፍል ነው። ሰፊነቱ ከተነካ ግን ጥበቃው ሁሉ ይናጋል፤ የጠበበ ጀፎረ ወዲያው ጭቃ ይሆናልና።

ወሰን ጠባቂው ማን ነው?

ሰው ሰው ነውና ወደ ጀፎረው አንድ ክንድ፣ ሁለት ክንድ ለመግፋት የሚፈተን አይጠፋም። ታዲያ ያለ ፖሊስና ያለ ደንብ አስከባሪ ይህ ሰፊ ሣር እንዴት ተጠብቆ ሊኖር ቻለ?

መልሱ በቅጫ ላይ ነው። ቅጫ የሰባት ቤት ጉራጌ ባህላዊ ሕግ ሲሆን የጆካ በተባለው የሽማግሌዎች ሸንጎ ስም የጆካ ቅጫ እየተባለ ይታወቃል። የጀፎረን ወሰን የገፋ ሰው በሽማግሌዎች ፊት ይጠየቃል። ጥፋቱ ሲረጋገጥ የገፋውን መልሶ እንዲክስ ይፈረድበታል። አሻፈረኝ ያለ እንደሆነ የሚደርስበት ቅጣት ከገንዘብ የከበደ ነው፤ ጎረቤቱ ከማኅበራዊ ኑሮ ያገለዋል። በችግር ጊዜ የሚደርስለት፣ በሐዘን ጊዜ የሚያጽናናው ሰው ያጣል። በገጠር ለሚኖር ሰው ይህ ፍርድ ከባድ መሆኑን ማስረዳት አያሻም።

ሦስት ነገሮች እዚህ ላይ ጐልተው ይታያሉ። አንደኛ፣ ወሰኑን ሁሉም ያውቀዋል፤ «አላወቅሁም» ብሎ ማመካኘት አይቻልም። ሁለተኛ፣ ጥፋቱ በተጀመረ ጊዜ የሚያየው ጎረቤት ራሱ ባለጉዳይ ነው፤ የሚጠበው የእርሱም ደጅ ነውና። ሦስተኛ፣ ፍርዱ ቅርብ ነው፤ አጥር የገፋው ሰው አጥሩን በግንብ እስኪለውጠው ድረስ ዓመታት አይጠበቁም። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» የሚለው የአበው ተረት በተግባር የሚታየው በዚህ ነው።

ጎማ በመጣ ጊዜ

ጀፎረ ለእግርና ለኮቴ የተሠራ ነው። በክረምት የጭነት መኪና አንድ ጊዜ ያለፈበት እንደሆነ ጎማው ሣሩን ገሽልጦ ሥሩን ይበጥሰዋል። በቦዩ ውስጥ ውኃ ይተኛል፤ የሚቀጥለውም መኪና ያንን ሸሽቶ በጎኑ ሌላ ቦይ ያወጣል። ስለዚህ የመኪና ዘመን ሲመጣ ሌላ ዓይነት መንገድ፣ ከዚያም ጋር ሌላ ዓይነት ጥበቃ አስፈለገ።

ጀፎረን ያቆመ ሕዝብ ይህንንም ቢሆን እጁን አጣጥፎ አልጠበቀም። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በንግድና በልዩ ልዩ ሥራ ላይ የነበሩ የጉራጌ ተወላጆች የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው ከኪሳቸው እያዋጡ አገራቸውን ከዋናው መንገድ ጋር ለማገናኘት ተነሡ። በምሥራቁም በኩል ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል እስከ ወላይታ ሶዶ ለሚዘልቀው መንገድ እንዲሁ ማኅበር ተቋቁሞ መዋጮ ተሰብስቧል። ይህ ጥረት በአገራችን የራስ አገዝ ልማት ታሪክ ውስጥ ስሙ የሚነሣ ነው። ከአዲስ አበባ በጅማው መንገድ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ወልቂጤም ሆነች ቡታጅራ ለዛሬ እድገታቸው መንገድ ያደረገላቸው ውለታ ከፍ ያለ ነው።

ሆኖም በመዋጮ መንገድ መሥራት ቀላል ባይሆንም፣ በመዋጮ መንገድ መጠገን ከዚያ የበለጠ ይከብዳል። ለአዲስ መንገድ ሰው በደስታ ያወጣል፤ ፍሬውን በዓይኑ ያያልና። የተደፈነ ቦይ ለማስጠረግ ግን በየዓመቱ ገንዘብ አምጡ ቢባል እጁን የሚዘረጋው ጥቂት ነው።

ያልተጠበቀ መንገድ ምን ይሆናል?

ለዚህ ትምህርት የሚሆን ምሳሌ ከራሳችን ታሪክ አለ። ኢጣልያኖች አገራችንን በወረሩባቸው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ለጦራቸው ማመላለሻ ብዙ መንገድ ሠርተው ነበር። ከነፃነት በኋላ ግን ለጥገና የሚሆን ገንዘብ፣ መሣሪያና ባለሙያ በበቂ ባለመገኘቱ መንገዶቹ ከዓመት ወደ ዓመት እየተበላሹ ሄዱ። በ1943 ዓ.ም. መንግሥት ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር ለመንገድ ተበደረ፤ በዚያው ዓመትም የአውራ ጐዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። የዚያ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ ሥራ አዲስ መንገድ መቀየስ ብቻ አልነበረም፤ የፈረሰውን መልሶ ማቆምና መጠገን ነበር። እንግዲህ የዘመናዊው የመንገድ አስተዳደራችን ታሪክ የጀመረው በጥገና ነው ማለት ይቻላል።

መንገድን የሚገድለው ከመኪናው ይልቅ ውኃው ነው። አስፋልት በፀሐይና በጭነት ብዛት ቀጭን ስንጥቅ ያበጃል። በስንጥቁ ውኃ ይገባና ከሥር ያለውን ድልድል ያለሰልሰዋል። ጎማ በላዩ ባለፈ ቍጥር የለሰለሰው አፈር እየተገፋ ይወጣና ከላይ ያለው ቅብ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ አንድ ቀን ይደረመሳል። ጉድጓዱ ለእኛ የታየን ያን ዕለት ቢሆንም በሽታው የጀመረው ከብዙ ወራት በፊት ነው። በጠጠር መንገድም ላይ እንዲሁ ነው፤ መሐሉ ከፍ፣ ጎንና ጎኑ ዘቅዘቅ ብሎ ካልተጠበቀ ውኃው ወደ ቦዩ መውረዱን ትቶ በመንገዱ ላይ ይተኛል። በ1816 እ.ኤ.አ. በብሪስቶል የመንገዶች ኃላፊ ሆኖ የተሾመው ስኮትላንዳዊው ማክአዳም ያስተማረው ዋና ቁም ነገርም ይኸው ነበር፤ ጭነቱን የሚሸከመው የተፈጥሮው አፈር ስለሆነ አፈሩን ከውኃ ጠብቁት የሚል ነው።

ይህ ነገር በገንዘብ ሲሰላ አስደንጋጭ ነው። የዓለም ባንክ በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣው የልማት መግለጫ ላይ በአፍሪካ በአሥር ዓመት ውስጥ 12 ቢሊዮን ዶላር በጊዜው ለጥገና ቢወጣ ኖሮ 45 ቢሊዮን ዶላር የመልሶ መሥሪያ ወጪ ይድን እንደነበር ገልጿል። እንግዲህ ጥገናን ያቆየ ሰው ገንዘብ ያተረፈ ይመስለዋል እንጂ እውነቱ ሲታይ በከፍተኛ ወለድ የተበደረ ነው።

ሁሉም ነገር በጎረቤት አይሆንም

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «እንግዲያው የከተማውን መንገድ ሁሉ እንደ ጀፎረ ለነዋሪው ብንተወውስ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው መልካም ነው፤ ነገር ግን የሌላውን አገር ልምድ ማየት ይጠቅማል።

በእንግሊዝ አገር በ1555 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ እያንዳንዱ የአጥቢያ ነዋሪ በዓመት 4 ቀን ያለ ክፍያ በመንገድ ሥራ ላይ እንዲውል ያዝዝ ነበር፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ቀኑ ወደ 6 ከፍ አለ። ሕጉ መንገዱ የመንደሩ ሰው ብቻ በነበረበት ስፍራ በመጠኑ ሠራ። ወደ ለንደን በሚወስዱት ታላላቅ መንገዶች ላይ ግን መንገዱን የሚያፈርሰው የሩቅ አገር ነጋዴ ሠረገላ ሲሆን፣ የሚጠግነው በመንገዱ ዳር የተወለደ ገበሬ ሆነ። ገበሬው ቢለግም አይፈረድበትም። በመጨረሻም በ1835 እ.ኤ.አ. ይህ የግዴታ ሥራ ተሻረ።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። ጀፎረ ያለ ገንዘብ ሊጠበቅ የቻለው የሚጠቀምበትና የሚጠብቀው ሰው አንድ በመሆኑ ነው። የሚጠቀመውና የሚጠብቀው ሲለያዩ ግን ጥበቃው በፍቅርና በይሉኝታ ብቻ አይዘልቅም፤ ተጠቃሚው መክፈል አለበት። በአገራችንም በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 66 የመንገድ ፈንድ የተቋቋመው በዚህ አሳብ ነው። ከነዳጅ ሽያጭ ላይ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለፌዴራል መንገዶች፣ ለክልሎችና ለከተሞች እየተከፋፈለ ለጥገና እንዲውል ተደነገገ። ብዙ የነዳ ብዙ ነዳጅ ይገዛልና ብዙ ይከፍላል፤ ይህም ፍትሐዊ ነው።

ስለዚህ ሥራው ለሁለት ይከፈላል። አስፋልቱን፣ ጠጠሩን፣ ድልድዩንና ታላቁን ቱቦ ማዘጋጃ ቤቱና መንግሥት በገንዘብና በመሐንዲስ ይጠብቁታል። ወሰኑን፣ የደጃፉን ቦይ፣ ንጽሕናውንና የእግረኛውን መሄጃ ግን ከነዋሪው የተሻለ ሊጠብቀው የሚችል የለም። አንዱ የሌላውን ድርሻ ልውሰድ ቢል ሁለቱም ይወድቃሉ።

ዛሬ ያለው ፈተና

በአሁኑ ጊዜ እንደ አረቅጥ ያሉ የወረዳ ከተሞች እየሰፉ ናቸው። ከተማ ሲሰፋ በዙሪያው ያለው መንደር ወደ ከተማው ክልል ይገባል፤ መንደሩም ከጀፎረው ጋር ነው የሚገባው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ከተሞች በፕላን እንዲመሩ ያዝዛል። ነገር ግን ጀፎረን የማያውቅ ካርታ ሠሪ በወረቀቱ ላይ ሰፊውን ሣር ሲያይ «ክፍት ቦታ» ብሎ ሊጽፍበት ይችላል። ክፍት ቦታ የተባለ መሬት ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው፤ ዛሬ ለሱቅ፣ ነገ ለመጋዘን ይሸነሸናል። ሽማግሌዎቹ ለዘመናት ከአንድ ክንድ ገፊ የጠበቁትን መሬት አንድ ፊርማ በአንድ ቀን ሊወስደው ይችላል። የወሰደው የሕዝብ መሥሪያ ቤት ሲሆን ደግሞ ጎረቤት ወደ ማን ይጮኻል?

ሁለተኛው ፈተና ቁፋሮ ነው። በብዙ ከተሞቻችን አንዱ መሥሪያ ቤት ያነጠፈውን መንገድ ሌላው ቱቦ ወይም ሽቦ ለመቅበር በወሩ ሲቆፍረው ማየት የተለመደ ሆኗል። ቆፋሪው አፈር መልሶበት ይሄዳል፤ ክረምት ሲመጣ አፈሩ ይሰጥምና መንገዱ በዚያው መስመር ይታረሳል። ይህን ለማስታረቅ በ2006 ዓ.ም. የተቀናጀ መሠረተ ልማት አዋጅ ወጥቷል። አዋጁ ግን የሚሠራው መሥሪያ ቤቶች ዕቅዳቸውን አስቀድመው ሲነጋገሩበት ነው። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በከተሞቻችን የተስፋፋው የኮብልስቶን ንጣፍ በዚህ በኩል አንድ ብልጫ አለው፤ ድንጋዩ ከአገር ይገኛል፣ ለወጣቶች ሥራ ይሰጣል፣ ከተነሣም በኋላ በአግባቡ መልሶ ማንጠፍ ይቻላል። መልሶ የሚያነጥፈው ሰው ከጠፋ ግን ኮብልስቶንም ተራ የድንጋይ ክምር ይሆናል።

ሦስተኛው የእግረኛው ጉዳይ ነው። በከተሞቻችን አብዛኛው ሰው የሚጓዘው በእግሩ ሲሆን፣ የእግረኛው መሄጃ በአሸዋ ክምር፣ በቆመ መኪናና በተዘረጋ ሸቀጥ ይዘጋበታል። በጉልት የምትሸጠውን እናት አባርሮ መንገዱን ማስለቀቅ ቀላል ነው። ነገር ግን የምትቀመጥበት ቦታ ካልተዘጋጀላት በማግሥቱ ተመልሳ ትመጣለች፤ ብትመጣም አይፈረድባትም። የጀፎረ ብልሃት ለጥጃውም፣ ለልጁም፣ ለሠርገኛውም ቦታ አስቀድሞ መለካቱ ነበር። የከተማውም ፕላን ለትንሿ ነጋዴ እንዲሁ ሊለካላት ይገባል።

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረውና ወደ ሌሎች ከተሞችም የተስፋፋው የኮሪደር ልማት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶችን፣ የብስክሌት መንገዶችንና መብራትን አስገኝቷል። በአንጻሩም ብዙ ሰው ከኖረበት ቀዬ እንዲነሣ አድርጓል። እንዲህ ያለ ዋጋ የተከፈለበት መንገድ በጥቂት ዓመት ውስጥ ቢበላሽ ጥፋቱ የገንዘብ ብቻ አይሆንም። ቤቱን ለመንገዱ ለለቀቀው ሰው መንገዱን በደኅና መጠበቅ ትንሹ ዕዳችን ነው።

የወጣቱ ሹም ድርሻ

ይህ ጽሑፍ የሚያነጣጥረው በተለይ ዛሬ በትምህርት ላይ ወዳሉትና ነገ በየወረዳው ማዘጋጃ ቤት ጠረጴዛ ወደሚቀመጡት ወጣቶች ነው። አዲስ የተሾመ ወጣት በስሙ የሚጠራ ሥራ ትቶ ለማለፍ ይመኛል። ቦይ ያስጠረገ ሹም ስሙ በድንጋይ አይቀረጽም። ቢሆንም የከተማው ሰው በሐምሌ ዝናብ እግሩ ሳይረጥብ ገበያ ደርሶ የሚመለሰው በእርሱ ምክንያት ነው።

እንግዲህ በእንዲህ ያለው ስፍራ የተመደበ ወጣት አራት ነገሮችን ቢያስብ ይጠቅመዋል። በመጀመሪያ የከተማውን መንገድ ሁሉ ወሰን ከነባር ሽማግሌዎች ጋር በእግሩ ሄዶ ይወቅ፤ ያወቀውንም በካርታና በመዝገብ ያስፍር፤ ጀፎረውን «ክፍት ቦታ» ሳይሆን በስሙ «ጀፎረ» ብሎ ይጻፈው። ስም ያለው መሬት በቀላሉ አይወሰድም። በሁለተኛ ደረጃ የጥገናው ገንዘብ ከአዲስ ሥራ የተረፈ ሳይሆን ከአዲስ ሥራ አስቀድሞ በበጀቱ ላይ ይቀመጥ። በሦስተኛ ደረጃ የቦዩ ጠረጋ በግንቦት ይፈጸም፤ በሐምሌ የሚጠረግ ቦይ ጉዳቱን ካደረሰ በኋላ የሚጠረግ ነውና። በአራተኛ ደረጃ መንገድ ለመቆፈር የሚፈቀድለት ሁሉ እንደነበረ አድርጎ እስኪመልስ ድረስ ተጠያቂ ይሁን፤ ይህም ለግለሰብ ብቻ ሳይሆን ለመንግሥት መሥሪያ ቤትም ይጽና።

ከእነዚህ አንዱም ታላቅ ሀብት ወይም የውጭ አገር አማካሪ የሚጠይቅ አይደለም። የሚጠይቀው በመጀመሪያው ክንድ ላይ «ተው!» የሚል ሰው ነው። በቅጫ ዘመን ይህን ቃል የሚናገረው ጎረቤት ነበር፤ ዛሬ ከጎረቤቱ ጎን ሹሙም ቆሞ ሊናገረው ይገባል። አጥሩ ገና እንጨት ሳለ ያልተናገረ ሹም ግንብ ከሆነ በኋላ ቢናገር፣ ወይ ሕጉ ይሸነፋል ወይ የአንድ ቤተሰብ ቤት ይፈርሳል። ሁለቱም ደግሞ ለከተማዪቱ ጉዳት ናቸው።